«ቤቶች!» ሲባል የምትደነብር ውሻ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል፤ ከከተማ ወይም ከሌላ ቤት የመጣ ውሻ የገጠሩን ሰው፣ ከብትና ግርግር እንዴት ይልመድ? ስም አስቀርተን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ተሁለደሬ ወረዳ ነው። ደሴ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ሲቀይሩ 2 ዓመት ገደማ የሆናትን ውሻቸውን ሰጡን። ከመጣች 12 ቀኗ ነው። እዚያ ሳለች ከቆርቆሮ አጥሩ ውጭ ወጥታ አታውቅም አሉ። እኛን ምንም አትለንም፤ ዱላ የያዘ ሰው ወይም ጭራሮ የተሸከመች ሴት ስታይ ግን አንድም ጭራዋን ቆልፋ ትደበቃለች፣ አንድም ገመዷን ልትበጥስ ትደርሳለች። ደጃችን ደግሞ የገበያ መንገድ ነው። ጎረቤት «ቤቶች!» ብሎ የተጣራ እንደሆነማ አይነገርም። ትልመድ ብዬ በገበያ ቀን ይዣት ብወጣ ጭራሽ ባሰባት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሩ፤ ውሻዋ ክፉ አይደለችም፣ ፈርታ ነው። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያየውንና የሰማውን ሁሉ የኑሮ ተራ ነገር አድርጎ ይቀበላል። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው በጥርጣሬ ነው። የእርስዎ ውሻ በዚያ ዕድሜዋ የምታውቀው አንድ ግቢና አንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ ሽርጥ ለባሽ፣ ጭድ የተጫነ አህያ ለሷ ዱብ ዕዳ ነው። በ2 ዓመቷም ትለምዳለች፤ ግን እንደ ቡችላ በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት።

ገበያው ያባሰባት መሸሻ ስላሳጣት ነው። የፈራ ውሻ ሰው መሀል ሲገባ «ምንም አላደረጉኝም» ብሎ አይደመድምም፤ የሚደመድመው «ማምለጫ በሌለበት ያዙኝ» ብሎ ነው። ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ለምዶ ሳይሆን ደርቆ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ርቀት ነው። ርቀቱ መብቃቱን የምትነግርዎት ደግሞ ራሷ ናት፤ የምትወደውን ምግብ ሲሰጧት ወዲያው ከበላች ርቀቱ ልክ ነው፣ አሽትታ ከተወችው ወይም እጅዎን እስክትነክስ ድረስ ነጥቃ ከዋጠች ቀርበዋል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በዚህ ሚዛን የሚለካ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ያሳርፏት። ለሕክምና ካልሆነ በቀር ከግቢ አትውጣ፣ እንግዳ አይጠጋት። ማደሪያዋ ከመንገዱ በተቃራኒ በጓሮ በኩል ይሁን፤ ቀን ጥላ ያለው፣ ጭዱ ደረቅ የሆነ። ማታ ታስራ ውጭ አትደር፤ የታሰረ ውሻ ለጅብ ተሰናድቶ የቀረበ ራት ነው። ጋጣ ውስጥ ወይም በር ባለው ክፍል ትደር። በዚያ ሳምንት ውስጥ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የጥገኛ ትል መድኃኒት ያሰጧት፤ ዘመዶችዎ «ተከትባለች» ቢሉም ወረቀቱ ከሌለ እንዳልተከተበች ይቁጠሩ። ክትባቱ በቂ መከላከያ እስኪሰጣት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ስለሚፈጅ እስከዚያ ከማታውቃቸው ውሾች አታገናኟት።

የሚያስፈልግዎት ዕቃ ትንሽ ነው። ለአንገቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠፍር፣ ከአንገቷ ጋር ሲታሰር በመሀሉ 2 ጣት የሚያስገባ። ሸምቀቆ አይሥሩ፤ በሳበች ቁጥር ስለሚያንቃት «ሰው ባየሁ ቁጥር ይታነቅብኛል» ብላ ትማራለች፤ ፈርታ የነበረችው ተናካሽ ትሆናለች። ለመንገድ 2 ሜትር ገመድ፣ ለሜዳ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሜትር። ሰንሰለት ይቅር፤ ከባድ ነው፣ ይንሿሿል፣ በደነበረች ቁጥር ድምፁ ያባርራታል።

ምግቡ ከዘወትር ራቷ የተሻለ መሆን አለበት። የተቀቀለ ሳንባ በጣም ርካሹ ነው፤ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅለው የሽንብራ ፍሬ እያሳከሉ ይክተፉት። ለአንድ ልምምድ ከ30 እስከ 40 ፍሬ ይበቃል፤ ያንኑ ያህል ከራቷ ይቀንሱ፣ የጠገበች ውሻ አትማርም። ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ቤቱ ከተዘጋ ወይም እቤት ሥጋ መቀቀል የሚከብድ ከሆነ ቀድሞ የደረቀ ነጭ ቋንጣ፣ እሱም ከሌለ የተቀቀለ ድንች ይሠራል። የወጥ ትርፍ ግን አይሆንም፤ በርበሬው ሆዷን ያቃጥላታል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ሲደጋገም ደሟን ይጎዳል።

አሁን ወደ ልምምዱ። መንገዱን ከሩቅ የሚያሳይ ቦታ ይምረጡ፤ 40 ሜትር ይበሉ፣ የማሳ ዳር ቢሆን ጥሩ ነው። ውሻዋን በአጭሩ ገመድ ይዘው ከጎኗ ይቁሙ። መንገደኛ ብቅ ሲል ዝም ይበሉ፤ እሷ ራሷ ትየው። ዓይኗ ሰውየው ላይ ባረፈበት ቅጽበት፣ ሳትጮህ፣ አንድ ፍሬ ይስጧት። እንደገና ስታይ እንደገና። ሰውየው ካለፈ ምግቡም ይቁም። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ ሰው ይቀድማል፣ ምግብ ይከተላል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚሠራው፤ ሰው ሲመጣ እያየ ውሻዋ ሳታይ ቶሎ ብሎ ምግብ ያጎርሳታል። ያኔ ምግቡ ራሱ የጭንቅ ምልክት ይሆንና ሳንባውን ስታይ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች።

ልምምዱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ ይሁን። 3 ቀን በተከታታይ ሳትጮህ ካለፈች 5 ሜትር ይቅረቡ። ከጮኸች አይቆጧት፣ አይምቷት፤ ዞር ብለው 10 ሜትር ይራቁና ስትረጋጋ ይቀጥሉ። ሰው ባየች ቁጥር ዓይኗን መልሳ ወደ እርስዎ «የታለ ሳንባዬ?» ብላ ማየት ስትጀምር ነገሩ ገብቷታል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል።

ከመጮኋ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን ትልሳለች፤ እንቅልፍ ሳይኖራት ታዛጋለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች፤ ፊቷን አዙራ በጎን ስታይ የዓይኗ ነጭ ይወጣል፤ አንድ የፊት እግሯን አንስታ ድርቅ ትላለች። ጭራ መቁላት ብቻውን የደስታ ምልክት እንዳይመስልዎት፤ ጭራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ ጫፉ ብቻ ከተርገበገበ ለጥል መዘጋጀት ነው። ማጉረምረምን ደግሞ በዱላ አያስተዉ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተቀጣባት ውሻ ሳታስጠነቅቅ መንከስ ትለምዳለች።

ዱላውን ለብቻው ያስለምዷት። ለ3 ቀን ዱላው መሬት ላይ ተኝቶ ራቷ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቅረብላት፤ ከዚያ ሳህኑን በቀን አንድ ክንድ እያስጠጉ ዱላው አጠገብ ያድርሱት። ቀጥሎ እርስዎ ዱላውን ይዘው ቁጭ ይበሉ፣ ይቁሙ፣ ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው ይራመዱ፤ በየደረጃው ምግብ። በመጨረሻ የቤተሰብ ሰው፣ ከዚያ ጎረቤት እንዲሁ ያድርግ። ለእኛ ጋቢ የለበሰውም ዱላ የያዘውም ያው አያ እገሌ ነው፤ ለውሻ ግን ጋቢ ሲጨመር ሌላ ሰው ነው፣ ጭራሮ ሲሸከም ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ጃንጥላውንም፣ ጀሪካኑንም፣ ሸክሙንም አንድ በአንድ ማሳየት ግድ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በየመንደሩ ውሻ የሚፈራው ከሁሉ በላይ ጎንበስ የሚልን ሰው ነው፤ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ያነሳላ! በቀን 10 ጊዜ ያህል፣ ከሷ 3 ሜትር ርቀው፣ በጎን ዞረው ቀስ ብለው ጎንበስ ይበሉና አንድ ፍሬ ሳንባ መሬት ላይ ትተው ይሂዱ። በሁለተኛው ሳምንት ጎንበስ ሲሉ መሸሹን ትታ ጠጋ ማለት ከጀመረች ልጆችዎ እንዲሁ ያድርጉ።

«ቤቶች!» የሚለውን ጥሪ እቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ከበሩ 6 ሜትር ርቆ ጥግ ላይ ያንጥፉ። የቤተሰብ ሰው ከውጭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤቶች!» ይበል፤ ወዲያው 5 ፍሬ ጆንያው ላይ ይበትኑ። በቀን 10 ጊዜ፣ ድምፁን ከፍ እያደረጉ፣ ተጣሪውንም እየለወጡ። ሳምንት ሳይሞላ ጥሪውን ስትሰማ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጆንያው መሮጥ ትጀምራለች።

የሚቀጥለው ፈተና ቡና ነው። ጎረቤት በቡና ሰዓት መሰብሰቡ ለልምምድ የተመቸ ነው፤ ሰዎቹ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ሲኒ ይዟል፣ ማንም አይሮጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ለአቦሉ ብቻ ከክቡ 8 ሜትር ርቃ ጆንያዋ ላይ ትሁን፤ ቶናው ሳይቀዳ ወደ ጓሮ ይውሰዷት። በሁለተኛው ሳምንት እስከ ቶና፣ በሦስተኛው እስከ በረካ። እንግዶቹን አንድ ነገር ይለምኑልን፤ አይይዋት፣ አይጥሯት፣ እጃቸውን አይዘርጉላት። እሷ ራሷ መጥታ ብታሸት እንኳ ዝም ይበሉ። ውሻዋ ለማሽተት ስትጠጋ «ለመደችኝ» ብሎ ጭንቅላቷን ከላይ ለመዳበስ እጁን የሚሰድ ሰው ሊነከስ ይችላል።

ልጆችን በተመለከተ፣ ምግቡን ከእጃቸው አትብላ፣ እየወረወሩላት ይሂዱ። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሷ ጋር ብቻውን አይቀር፣ ስትበላና ስትተኛ አይጠጋት። በነሐሴ ደግሞ የቡሄ ጅራፍ አለ፤ መስቀል ሲደርስ ችቦና ደመራ፣ ከዚያ የሠርግ ተኩስ። በእነዚያ ቀናት «ትልመደው» አይበሉ፤ ከጨለማ በፊት ክፍል ውስጥ አስገብተው የሚታኘክ አጥንት ይስጧት። የዶሮ አጥንት ግን አይሁን፤ ሲበስል እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ጥያቄ፦ ወረኢሉ አካባቢ በግና ዶሮ አረባለሁ። ካመጣሁት ገና 2 ወር ያልሞላው ወንድ ውሻ ሁለት ዶሮ በላብኝ፣ ግልገልም አባሯል። ጎረቤቴ «የሞተችውን ዶሮ አንገቱ ላይ እሰርበት፣ ሲሸተው ይተዋል» አሉኝ። ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ውሻ አንድን ቅጣት ከሠራው ጋር የሚያያይዘው በ1 ወይም በ2 ሴኮንድ ውስጥ ሲመጣበት ነው። አንገቱ ላይ ሲበሰብስ የሚውል ዶሮ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር የዶሮ ሽታ መልመድን ነው፤ ባለቤቱ ክፉ መሆኑንም ጭምር። ከዚያ ሌላ ዝንብና በሽታ።

እንዲያባርር የሚያደርገው የሚሮጥ ነገር ነው። ዶሮ ቆማ ስትለቅም አያባርርም፤ ልጅ «ሽ!» ብሎ ሲበትናት ግን ክንፍ፣ ጩኸትና ሩጫ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል፣ እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ለ3 ወር ያህል አንዲትም ሩጫ እንዳትሳካለት ማድረግ ግማሹ ሥራ ነው። ግቢ ውስጥ ሲፈታ ሁልጊዜ 8 ሜትር ገመድ እየጎተተ ይሂድ፤ ሲነሳ ገመዱን ይረግጡበታል። ዶሮዎቹ ከቆጥ ሲወርዱና ሲገቡ እሱ ይታሰር፤ ግርግሩ ያኔ ነውና።

ሌላው ግማሽ ማስለመድ ነው። አንዲት ዶሮ በትልቅ ቅርጫት ስር አድርገው ውሻውን በ2 ሜትር ገመድ 15 ሜትር ላይ ያቁሙ። ዶሮዋን አይቶ ፊቱን ወደ እርስዎ ሲመልስ ሳንባ ይስጡት። ዓይኑን ሳይነቅል፣ አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ዘግቶ ከቆመ ቀርበዋል፤ እየጎተቱ ሳይሆን በቅስት ዞረው ያርቁት። በቀን 2 ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በየ3 ቀኑ 2 ሜትር እየቀረቡ። በጎቹንም እንዲሁ፤ መጀመሪያ በአጥር ማዶ ከ20 ሜትር፣ ቀጥሎ መንጋው ሲግጥ ከጎን ከጎን እየሄዱ። ፊት ለፊት ወደ መንጋው አይውሰዱት፤ በጎቹ ይበረግጋሉ፣ ያኔ የሚሮጥ ነገር አገኘ። አዲስ የወለደች በግ ደግሞ ውሻ ስታይ ራሷ ትወጋለች፤ ተወግቶ የደነገጠ ውሻ ወይ በግ ይጠላል ወይ ይፈራል፣ ሁለቱም አይጠቅሙዎትም።

በግ ሲወልድ የእንግዴ ልጁን ወዲያው ጥልቅ አድርገው ይቅበሩ። ያንን የቀመሰ ውሻ ምጥ ባለበት መገኘትን ይለምዳል፤ የሚቀጥለው ገና ያልቆመው ግልገል ነው። የታረደ በግ ጭንቅላትም ጥሬውን አይሰጥ። በጎችዎ አንገታቸውን አዘንብለው በአንድ በኩል ሲዞሩ አይተው ከሆነ፣ አዙሪት የምንለው ያ በሽታ የሚዞረው በውሻና በበግ መሀል ነው፤ ውሻ የበጉን አንጎል ሲበላ በሆዱ ትል ያፈራል፣ እንቁላሉን ሣር ላይ ይጥላል፣ በጉ ሣሩን ይግጣል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበትም እንዲሁ ነው፤ የዚህኛው ደግሞ ለሰውም ይተርፋል፣ በተለይ ውሻ ዳብሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ለሚበሉ ልጆች። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቆፍሮ መቅበር ነው። ንጹሕ የሚመስለውንም ቢያንስ 40 ደቂቃ ሳያፈሉ አይስጡ። የትል መድኃኒቱን በየ3 ወሩ ያስደግሙ፤ ሲገዙም ለኮሶ ትል የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ፣ ሁሉም አይደለምና።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ባቲ አካባቢ ፍየል እናረባለን። ለጅብና ለቀበሮ ብለን ውሻ ያዝን። ልጆቼ ለመዱት፤ እሱ ግን ሰው ይልሳል፣ ውሃ ባገኘበት ይጠጣል። አማቴ «ይህ ቤት ነጃሳ ሆነ» እያሉ ነው። ውሻውን ሳልጥል እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም። ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን የሚያዝ ውሻ በሐዲስ ተለይቶ የተፈቀደ ነው፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ አንዱም በአፈር እንዲሆን የታዘዘውም በሐዲስ ነው። ልብስና ገላ ላይ ያለውን ዝርዝር መዝሀቦቹ ስለሚለያዩበት ሸኻችሁን ጠይቁ። እኛ የምንችለው ምራቁ የማይደርስበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የውሻው ሳህንና ውሃ መጠጫ የታወቀ፣ ቀለም የተቀባ፣ ከግድግዳው ማዶ የሚቀመጥ ይሁን። ውሻ ባገኘበት የሚጠጣው ብዙ ጊዜ የራሱ ውሃ ስለሚደርቅበት ነው፤ በቆላው ሙቀት በቀን 2 ጊዜ ይሞላለት። የውዱእ ውሃውና ጀሪካኑ ክዳን ይኑረው። መላሱን ለማስተው መጮህና መግፋት አይበጅም፤ ውሻ ሁለቱንም ጨዋታ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ምላሱ ሲመጣ እጅን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ ጀርባ ሰጥቶ 10 ሴኮንድ መቆም። አራት እግሩ መሬት ላይ ሆኖ ሲረጋጋ ቁራሽ መወርወር። አማትዎን ጨምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ካደረገ በ2 ሳምንት ይተዋል፤ አንድ ልጅ ተደብቆ ካስላሰው ግን ዓመትም አይበቃ።

ጎረቤትን የሚያስቀይመው ሌላው ሰዓቱ ነው። ለፈጅር ወደ መስጊድ፣ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ገና ሳይነጋ ነው የሚያልፈው። ውሻው ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ቢለቀቅ እንኳ ከአዛን በፊት ይያዝ። በረመዳን በሱሑር ሰዓት ጭምር።

ጥያቄ፦ ደላንታ ነኝ። ዘበኛ ይሆነኛል ብዬ የ5 ወር ውሻ አመጣሁ። የሰፈሩ ሰው «ሰው ከለመደ ሌባ አይዝም፤ ጆሮውን ቁረጥ፣ ሚጥሚጣ አብላ፣ ቀን ጨለማ ቤት እሰር» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሦስቱንም አያድርጉ። የጆሮው ቁስል ዝንብ ይሰበስባል፣ ሚጥሚጣው ጨጓራውን ይልጠዋል፣ ጨለማ ቤቱ ደግሞ ያሰቡትን ተቃራኒ ያመጣል። ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ ሌባና እንግዳ አይለይም፤ አዋላጇንም፣ የእድር ጠሪውንም፣ የራስዎን የእህት ልጅም ይነክሳል። ሌባ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ይደበቃል፣ ፈሪ ነዋ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ግቢውን የሚጠብቀው ግቢው የሱ ስለሆነ ነው። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ጠባቂነቱ ራሱ ይወጣል፤ ማስተማር አያሻውም። ማስተማር ያለብዎት ማቆምን ነው። 3 ወይም 4 ጊዜ ሲጮህ ይውጡ፣ የመጣውን ይመልከቱ፣ «በቃ» ይበሉና ጆንያው ላይ ቁራሽ ይጣሉለት። ሰው መምጣቱን ከነገረዎት በኋላ ጉዳዩ የእርስዎ መሆኑን ይማራል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አይሰር፤ ሰንሰለት ላይ የሚውል ውሻ ሁሉም ነገር ከማይደርስበት ርቀት ሲያልፍ እያየ ንዴት ያጠራቅማል፣ የተፈታ ቀን ያገኘው ይከፍላል። ማሰር ግድ ከሆነ በሁለት ችካል መሀል 10 ሜትር ሽቦ ወጥረው ቀለበቱ እየተንሸራተተ የሚሄድበት ያድርጉለት።

ከሰፈሩ ውሾች ጋር ሲያስተዋውቁት አፍንጫ ለአፍንጫ አያገናኙ። ሁለት ሰው ሁለት ውሻ ይዞ፣ 20 ሜትር ተራርቆ፣ በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይሂድ፤ በየቀኑ ትንሽ እየተጠጉ። ገመዱ ላላ ይበል፤ የተወጠረ ገመድ ጥል ያስጀምራል።

ጥያቄ፦ ላስታ ነው ያለሁት። አዲሱ ውሻችን ከከብት ጋር ወደ ተራራው መውጣት ለምዷል። ሰሞኑን አፉ ተከፍቶ የቀረና ለሃጩ የሚዝረበረብ የሰው ውሻ በሰፈር ታይቷል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው የሚሉም አሉ። የእኛ ቢነከስ ወይም እኛን ቢነክሰን ምን ይደረግ?

መልስ፦ እጅዎን አፉ ውስጥ እንዳያስገቡ! መንጋጋው ተዘግቶ አልገጥም ያለ፣ ለሃጭ የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። አጥንት አወጣለሁ ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው ምራቁን በጭረት ይቀበላል። ቶሎ ለወረዳው እንስሳት ጤና ያስታውቁ፣ ልጆችን ያርቁ።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ። ቅጠል፣ ቡና፣ አመድ አይነስነስበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፤ ክትባቱ ካለበት ይላካል። ቀጠሮው ብዙ ቀን ነው፣ አንዱንም አያስቀሩ። ጠበሉም ባህል ሐኪሙም ከክትባቱ በኋላ ይደርሳሉ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው ከሆነና ደህና ከመሰለ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። 10 ቀን ቆሞ ከኖረ በነከሰበት ቀን ምራቁ በሽታው አልነበረበትም። 10 ቀኑን ለመጠበቅ ብሎ የሰውየውን ክትባት ማዘግየት ግን አይገባም።

ያልተከተበ ውሻዎ ባበደ ውሻ ከተነከሰ የእንስሳት ሐኪሙ የሚለውን ያድርጉ፤ ከሰውና ከከብት ሳይለይ ማቆየት አይታሰብም። የተከተበ ከሆነ ወዲያው ይደገምለታል። ክትባቱ የመጀመሪያው በ3 ወር ዕድሜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ጠርሙሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተያዘ ይበላሻል፤ ከኪስ ወጥቶ የሚወጋ ክትባት አይቀበሉ።

ስለ ተራራው ግን አንድ ነገር ይወቁ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በወሎ ሌላው መኖሪያው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ነው። በአገሩ በሙሉ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም። ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በሽታው የገባበትን ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። ውሻዎ ሳይከተብ ተራራ አይውጣ። ቢከተብም ከብቱ ጋር ምንም ካልሠራ እቤት ይዋል፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው፣ በግ የሚነካው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ መርሳ አካባቢ። አክስቴ የ7 ሳምንት ቡችላ ልትሰጠኝ ነው። ክትባቱን እስኪጨርስ ከቤት አይውጣ ይባላል፤ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ መልመጃ ዕድሜው ያልፍበታል አይደል?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ ያልፍበታል። አንድ ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይና በ8 ሳምንቱ ተቀበዪው፤ መንከስ ሲያበዛ ወንድሞቹ የሚጮኹበት ያ ጊዜ ጥርሱን መቆጠብ ያስተምረዋል። ከዚያ መሬት ሳትለቂው ይዘሽው ውጪ። በነጠላሽ አቅፈሽው በቀን 10 ደቂቃ፤ አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱን ከሩቅ ይስማ፣ አንድ ቀን ባጃጅ፣ አንድ ቀን በግ፣ አንድ ቀን ጥምጣም ያደረጉ ቄስ፣ አንድ ቀን ሽርጥ የለበሱ አባት። ሲፈራ አታባብዪው፣ አታስጠጊውም፤ ራቅ ብለሽ ቆመሽ ይይ። ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት ቦታ አይውረድ። በሳምንት 5 አዲስ ነገር ካየ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ድካም ነው፤ ቡችላ በቀን 18 ሰዓት ያህል ይተኛል።

ጥያቄ፦ ከኩታበር። የተሰጠን ውሻ ስሙ «ቦንብ» ነው። በዚህ ጊዜ ማታ ደጅ ወጥቶ «ቦንብ! ቦንብ!» እያሉ መጣራት አስፈራኝ። የ3 ዓመት ውሻ ስም ቢቀየርበት ግራ አይጋባም?

መልስ፦ አይጋባም፤ ይልቅ ጎረቤትዎን ያሳርፋሉ። ሁለት ፊደል ያላት፣ ጠንከር ያለ ድምፅ ያላት፣ የልጆችዎን ስም የማትመስል ስም ይምረጡ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አዲሱን ስም ጠርተው አንድ ፍሬ ምግብ ይስጡት፤ በቀን 20 ጊዜ። እንደዞረ ይስጡት፣ ደጋግመው አይጥሩት። በሳምንት ውስጥ ይዞራል። ስሙን ለቁጣ አይጠቀሙበት፤ ሲቆጡት ስሙን ሳይጠሩ ይቆጡት።